ከሜዳው ዳር የቆመው ወንድም ምስክርነት

የአሜሪካው ፉትቦል ቡድን ፊላዴልፊያ ኢግልስ የመጀመሪያውን የሱፐር ቦውል ዋንጫ ያነሣበት የ2017 የውድድር ዘመን ለአማኞች የተወደደ ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚተረከውም በሦስት ቃል ነው፦ አመኑ፣ ጸለዩ፣ አሸነፉ። እኛም ታሪኩን እንወደዋለን። በዚህ መልክ ሲነገር ግን ግማሹ ይቀራል። የቀረው ግማሽ ደግሞ በየአጥቢያችን በምስክርነት ሰዓት አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጠውን ወገን የሚመለከት ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ጨዋታውን ለማታውቁት፣ ይህ እኛ ኳስ የምንለው አይደለም። ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው፣ እየተጋፉና እየተጣጣሉ ወደ ተጋጣሚ መስመር የሚያደርሱበት ነው። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውር ይወስናል። እርሱ ከተጎዳ ብዙ ጊዜ የቡድኑ ተስፋም አብሮት ይወጣል።

በዚያ ዓመት የኢግልስ ኳርተርባክ ካርሰን ዌንትዝ ነበር፤ እምነቱን በአደባባይ የሚናገር ወጣት። በ13 ጨዋታ ብቻ 33 ኳሶችን ለተችዳውን ወርውሮ የዓመቱ ኮከብ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 2017 ሎስ አንጀለስ ላይ ከራምስ ጋር ሲጫወቱ የግራ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ከተጎዳ በኋላ እንኳ ወዲያው አልወጣም፤ በዚያው ጉልበት ቆሞ አንድ ተችዳውን ወረወረ። ከዚያ ወጣ፤ የዚያ ዓመት ጨዋታው በዚያ አበቃ።

በእርሱ ቦታ የገባው ተጠባባቂው ኒክ ፎልስ ነው። ራምስ በ2016 አሰናብቶት ጨዋታውን እስከ መተው ደርሶ የነበረ ሰው ነው (ተቀይሮ የገባው በዚያው ባሰናበተው ቡድን ላይ መሆኑን ልብ በሉ)። በጎን ሥነ መለኮት ይማር ነበር፤ ፍላጎቱም አንድ ቀን የወጣቶች መጋቢ መሆን ነበር። አሰልጣኙ ዳግ ፒደርሰንም እስከ 2008 ሉዊዚያና ውስጥ በአንድ ክርስቲያናዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን ሲያሠለጥን የኖረ ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ማርከስ ጆንሰን የተባለው ተጫዋች ጓደኞቹ ከብበውት በሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ተጠምቋል። አብረው ቃሉን ያጠኑ ነበር፣ አብረው ይጸልዩ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ደስም ያሰኛል።

ዌንትዝ ከወጣ በኋላ ግን ብዙዎች ቡድኑን ከቁጥር አውጥተውት ነበር። ተጫዋቾቹም ለቀልድ ብለው አትላንታን 15 ለ 10 ካሸነፉ በኋላ የውሻ ጭምብል አጠለቁ፤ በአሜሪካኖች አነጋገር እንደሚሸነፍ የሚገመተው ወገን በውሻ ይመሰላልና። ሚኒሶታን 38 ለ 7 ረቱ። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 ሚኒያፖሊስ ላይ የቶም ብሬዲን ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ለፍጻሜ ገጠሙ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ከአንድ ደቂቃ በታች ሲቀረው፣ ግቡ አንድ ያርድ ርቀት ላይ ሳለ፣ የመጨረሻ ሙከራቸው ነበር። ፎልስ ራሱ ወደ አሰልጣኙ ሄዶ ማንም ያልጠበቀውን ዘዴ ጠየቀ፤ ፒደርሰንም እሺ አለ። ዘወትር የሚወረውረው ፎልስ ሹልክ ብሎ ወጣ፤ ትሬይ በርተን ወረወረለት፤ ተቀብሎ ተችዳውን አስቆጠረ። ቀደም ብሎ ለብሬዲም እንዲሁ ተወርውሮለት ከእጁ አምልጦት ነበር። ጨዋታው 41 ለ 33 አለቀ። ከተማዋ ከ1960 ወዲህ ያላየችውን የሊግ ዋንጫ አየች። ፒደርሰን በመድረኩ ላይ ክብሩን ለጌታ ለኢየሱስ ክርስቶስ ሰጠ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። እኛ ግን ጥያቄ አለን።

ዌንትዝስ? ያው ጌታ፣ ያው ቡድን፣ ያው የጸሎት ክፍል ነበር። በዚያች ሌሊት ከሜዳው ዳር ቆሞ ጓደኛው ዋንጫውን ሲያነሣ ተመለከተ። እምነት ድልን ያመጣል ካልን የዌንትዝ እምነት ምን ጎደለው ልንል ነው? በተቃራኒው በኩል ደግሞ የፓትሪየትስ አምበል ማቲው ስሌተር ነበር፤ ስለ ክርስቶስ መናገር የማይፈራ፣ በሊጉ ውስጥ በመልካም ምስክርነት የሚታወቅ ወንድም። እርሱም ጸልዮ ነው ወደ ሜዳ የገባው ብንል አንሳሳትም። የእርሱ ቡድን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አሸንፎ ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት አሸነፈ። እንግዲህ የእግዚአብሔርን ሞገስ በዋንጫ የምንለካ ከሆነ፣ በየፌብሩዋሪው ሐሳቡን የሚቀይር አምላክ ይዘን ልንቀር ነው።

አንዳንዶች ደግሞ በራእይ መጽሐፍ መልእክት የተላከላትን የፊልድልፍያን ቤተ ክርስቲያን አንሥተው ከዚህ ጋር ሊያያይዙ ይችላሉ። እባካችሁ፣ የከተማ ስም መመሳሰል ትንቢት አይደለም።

እግዚአብሔር በኳስ ሜዳ ሥልጣን የለውም ማለታችን ግን አይደለም። ፎልስን ተስፋ ከቆረጠበት ያነሣው እርሱ ነው ብለን እናምናለን። የምንቃወመው ዋንጫውን የእምነት ደረሰኝ ማድረግን ነው። ስፖርተኞች አዘውትረው የሚጠቅሷት የፊልጵስዩስ ምዕራፍ 4 ቁጥር 13 እንኳ የተጻፈችው በድል መድረክ ላይ አይደለም። ጳውሎስ እስር ላይ ነበር፤ ከእርሷ በፊት ያለውን ቁጥር ያነበበ ሰው ሐዋርያው የሚናገረው ስለ መጥገብ ብቻ ሳይሆን ስለ መራብም እንደሆነ ያያል።

የፎልስም ታሪክ በዋንጫው አላበቃም። በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑን እንደገና ወደ ጥሎ ማለፍ አደረሰ፤ ኒው ኦርሊንስ ላይ የወረወረው ኳስ ከጓደኛው እጅ ሾልኮ ተሸነፉ። በ2019 ከጃክሰንቪል ጋር የአራት ዓመት የ88 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። በመጀመሪያው ጨዋታ ተችዳውን እየወረወረ የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ ሲመለስም ቦታውን ለወጣት ተጫዋች ለቀቀ፤ በዓመቱ ወደ ቺካጎ ተላከ። ፒደርሰንንም ቢሆን ኢግልስ ዋንጫውን ካመጣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው አሰናበተው። የ2018ቱ ፎልስ በየጉባኤያችን ተጋብዞ ቢመጣ ቦታ እናጣ ነበር። የ2019ኙ ፎልስ፣ አጥንቱ ተሰብሮ፣ ቦታውን ተነጥቆ ቢመጣስ ማይክ እንሰጠው ነበር?

በግልጽ እንናገር። በየአጥቢያችን ለምስክርነት የሚወጣው ማን ነው? ዲቪ የደረሰው፣ ቪዛው የተመታለት፣ ሥራ የተቀጠረው፣ ልጅ የታቀፈችው። እሰየው፣ ጌታ ይመስገን! ነገር ግን ቪዛውን ለሦስተኛ ጊዜ የተከለከለው ወንድም እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጾሟን ሳትፈታ ፅንሷ የወረደባት እህት እዚያው አለች። አሁንም ያመልካሉ፣ አሁንም አሥራታቸውን ያወጣሉ፣ ማልደው ይጸልያሉ። ምስክርነት ግን እንደሌላቸው ቆጥረናቸዋል፤ ብሶ ተርፎም አንዳንዱ ጠጋ ብሎ በሕይወትህ የተደበቀ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ይጠይቃቸዋል። ኢዮብም እንዲህ ያሉ ወዳጆች ነበሩት።

የመድረክ መሪዎችን የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በወር አንድ እሑድ ብቻ፣ መልሱ ያልመጣለት ሰው ቆሞ በዚህ ሳምንት ጌታ እንዴት እንዳቆየው ይናገር። ይህ የምእመናንን እምነት ያዳክማል የሚሉ አሉ፤ በተለይ አዲስ የመጡትን ያስደነግጣል ይላሉ። እኛ የምንፈራው ተቃራኒውን ነው። ድል ብቻ እየሰማ ያደገ አማኝ የመጀመሪያዋ ጉዳት ስትደርስበት ወዴት ይሂድ?

ገና በመፈለግ ላይ ያላችሁ፣ ጌታን ለመቀበል ወይም ላለመቀበል እያሰባችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖች፣ አንድ ሰው መጥቶ እመኑና ታሸንፋላችሁ ቢላችሁ፣ በትሕትና የዌንትዝን ጉልበት አንሥታችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ ወደ አጥቢያችሁ ሂዱና ከኋላ ወንበር የተቀመጡትን እነዚያን ሰዎች ፈልጉ፤ ከፕሮግራም በኋላ ሻይ እየጠጣችሁ እስከ ዛሬ ለምን እንዳልሄዱ ይንገሯችሁ።