መድኃኒቱ ሲያስቸግር ዝም አይባልም



የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የሌለው ሕመም ነው። ሰው ችግሩ የሚሰማው ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን ሲጀምር ነው። ትናንት ደኅና ነኝ ይል የነበረ ሰው ክኒኑን በጀመረ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያዞረዋል፣ እግሩ ያብጣል ወይም ያስለዋል። በሽታው ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳለ መድኃኒቱ ስለሚናገር፣ ሰው መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቢያየው አያስደንቅም። ስለዚህ ለማንም ሳይነግር ክኒኑን ያቆማል፤ የተሻለውም ይመስለዋል። ግፊቱ ግን ከፍ እንዳለ ይቆይና ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ በአንጎል፣ በልብ ወይም በኩላሊት ላይ ጉዳቱን ይገልጣል።

ይህ በየትኛውም አገር የሚያጋጥም ነገር ነው። በጂዳና በመካ ቤቶች ተቀጥረው ለሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እኅቶቻችን ግን ዝምታው ሌላ ክብደት አለው። ሐኪም ዘንድ ለመድረስ የአሠሪ ፈቃድ፣ የአሠሪ መኪና፣ ብዙ ጊዜም የአሠሪ አንደበት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ስለዚህ ነው። የመድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት ለሐኪም መድረስ ያለበት መልእክት ነው፤ መልእክቱ እንዲደርስ ማድረግም የሕመምተኛዋ፣ የአሠሪዋና የሁላችን ኃላፊነት ነው።

አስቀድመን መድኃኒቶቹን እንወቃቸው። አምሎዲፒን የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ በምትውል ሴት ላይ እብጠቱ ምሽት ላይ ይብሳል። ኤናላፕሪልና ካፕቶፕሪል የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ሊያመጡ ይችላሉ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛል፤ ከሰውነትም ጨውና ፖታሲየም ያስወጣል። አቴኖሎልና ቢሶፕሮሎል የልብ ምትን ያዘገያሉ፤ ድካምም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ለእነዚህ ሁሉ መፍትሔ አለ። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ሁለት መድኃኒቶችን በአነስተኛ መጠን ያቀናጃል፣ ወይም ኤናላፕሪል ያሳላትን ሴት ወደ ሎሳርታን ይቀይራታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ መድኃኒት የጀመረ ወይም የተቀየረለት ሰው ግፊቱ እስኪስተካከል ድረስ በየወሩ እንዲታይ፣ ከዚያም በኋላ በየ3 እስከ 6 ወር ክትትል እንዲደረግለት ይመክራል። መድኃኒትን ማስተካከል የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ክኒን አልስማማ ስላለ ሕክምናው ከሸፈ አይባልም።

አሁን እነዚህን ክኒኖች በአንድ ቤት ውስጥ እናስባቸው። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሥራ የሚሄድ ሰው ከጉዞው በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያደርጋል፤ በሽታው የተገኘበት አያልፍም። ያንን ምርመራ አልፋ የመጣች ሴት፣ በልጆቹ መኝታ ክፍል ማሳሏ ምን እንደሚያስጠረጥር ታውቃለች። ክኒኑን ብታቆም ሳሉ ይጠፋል፤ እንጀራዋም የተረፈ ይመስላታል። ሽንት የሚያበዛውን ክኒን የምትወስደው ደግሞ እንግዳ በበዛበት ቀን መጸዳጃ ቤት መመላለሱን ፈርታ ውኃ መጠጣት ትቀንሳለች። በጂዳ ወበቅ ውኃ የቀነሰ ሰው፣ ወለል ሲያጥብ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ይወድቃልም።

ሌላው አደጋ በስም ይመጣል። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣው ክኒንና ከጂዳ ፋርማሲ የተገዛው የተለያየ የንግድ ስም ሊኖራቸው ይችላል። ኖርቫስክ የተባለው አምሎዲፒን ነው፤ ኮንኮር ቢሶፕሮሎል ነው፤ ዜስትሪል ደግሞ የኤናላፕሪል ቤተሰብ የሆነው ሊሲኖፕሪል ነው። የንግድ ስሙን ብቻ ያየ ሰው አንዱን መድኃኒት በሁለት ስም ደርቦ ሊውጥ ይችላል። ስለዚህ የማሸጊያውን ካርቶን አትጣሉ፤ በላዩ የተጻፈውን መሠረታዊ ስምና ሚሊ ግራሙን ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩ። የጓደኛን ክኒን መዋስም ይቅር። ለአንዷ የተስማማው ኤናላፕሪል ወይም ሎሳርታን በሌላዋ ማሕፀን ያለውን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ለወገብ ሕመም በየቀኑ የሚዋጡት ዲክሎፌናክና ብሩፈንም ግፊቱን ከፍ ያደርጋሉ፤ ከእነዚህ የግፊት መድኃኒቶች ጋር ሲደረቡ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ።

የመውሰጃ ሰዓትም ጉዳይ አለው። በረመዳን የቤቱ ቀን ወደ ሌሊት ይዞራል፤ ለኢፍጣርና ለሱሑር የምታበስለው ሴት የምትተኛበት ሰዓት ይዘበራረቃል፣ የጠዋቱም ክኒን ይረሳል። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ብዙዎቹ መድኃኒቶች ወደ ሌላ ሰዓት ሊዛወሩ ይችላሉ፤ ሁለት ጊዜ የሚወሰዱትን ግን ሐኪም ያስተካክላቸው። የተዘለለውን ክኒን በማግሥቱ እጥፍ አድርጎ መዋጥ ግፊትን ከሚገባው በታች ሊጥል ይችላል። እስልምና ሕመምተኛን ከጾም ነጻ ያደርጋል፤ ቤተ ክርስቲያናችንም በዐቢይ ጾም ሕመምተኛን አታስገድድም። መድኃኒትን በሰዓቱ መውሰድ የጾም መጉደል ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ከጂዳ ወደ መካ መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአገራችን የሚመጡ ሐጃጆችም በጂዳ በኩል ያልፋሉ። በመካ ቤቶች የሚሠሩ ሙስሊም እኅቶቻችንና ለሐጅ የሚመጡ አረጋውያን ወላጆች ይህ ጉዳይ በእጥፍ ይመለከታቸዋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በታላቁ መስጊድ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ተመዝግቧል። በዚያ ዓመት ሐጅ 1,301 ሰዎች እንደሞቱ የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል፤ ከእነዚህም 83 በመቶ የሚሆኑት ያለ ፈቃድ የተጓዙ ሲሆኑ፣ አረጋውያንና የቆየ ሕመም የነበረባቸውም ይገኙባቸዋል። በዚህ ሙቀት የሚያልበው ሰው ሽንት በሚያበዛ ክኒን ላይ ከሆነ ሰውነቱ ውኃ የሚያጣው በሁለት በኩል ነው። ስለዚህ ተጓዡ መጠኑን ስለ ማስተካከል ከመነሣቱ ከሳምንታት በፊት ከሐኪሙ ጋር ይምከር፤ በመንገድ ላይ በራሱ ውሳኔ አይቀንስ፣ አይጨምርም።

«ለአሠሪዬ ብናገር ወደ አገሬ ትመልሰኛለች» የሚል መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ። ከጀርባዋ ዕዳና የሚማሩ ልጆች ያሏትን ሴት ፍርሃት ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ነገር ግን ሁሉን ለአሠሪ መናገርና ለሐኪም መናገር አንድ አይደሉም። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር የምክር መስመር 937 ነው፤ ለድንገተኛ አደጋ ቀይ ጨረቃ በ997 ይጠራል። የአገሪቱ የቤት ሠራተኞች ደንብም በሐኪም ማስረጃ በዓመት እስከ 30 ቀን የሕመም ዕረፍት ይፈቅዳል። በስትሮክ የወደቀች ሴት ሥራዋንም ጤናዋንም በአንድ ቀን ታጣለች፤ ከመናገር የሚመጣው ጉዳት ከዚህ አይበልጥም።

ከአሠሪዎች የሚጠየቀው ብዙ አይደለም፦ ክኒን የሚወሰድበት ሰዓት፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት የመሄድ ነጻነት፣ በወር አንድ ጊዜ ግፊት መለካት። ከአገር ቤት የቅድመ ጉዞ ሥልጠና የምንጠብቀው ደግሞ፣ የቤት ዕቃ አያያዝን እንደሚያስተምር ሁሉ ሕመምን መናገርንም እንዲያስተምር ነው። አምስት የአረብኛ ቃላት ብዙ ያግዛሉ፦ ዳግጥ ግፊት ነው፣ ደዋ መድኃኒት፣ ዶኻ ማዞር፣ ከሓ ሳል፣ ወረም እብጠት። አረብኛ የምትችሉ ደግሞ በስልክ አስተርጓሚ ሁኑ።

እናንተ መድኃኒቱን የምትወስዱ፣ ለአምስት ደቂቃ ተቀምጣችሁ ካረፋችሁ በኋላ ግፊታችሁን ተለኩ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የተሰማችሁን ጻፉ። አቴኖሎልን ወይም ቢሶፕሮሎልን በድንገት አታቋርጡ፤ ልብ ላይ አደጋ ያመጣል። ኤናላፕሪልን ወይም የእርሱን ቤተሰብ ወስዳችሁ ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጣዩን ክኒን ሳትውጡ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። አንድ ወገን የሰውነት ክፍል ከዛለ፣ አፍ ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተያዘም እንዲሁ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አበው፤ መድኃኒቱ ያመጣበትን ችግር የደበቀም እንዲሁ ያለ መድኃኒት ይቀራል። በዚህ ሳምንት ክኒን የምትወስድ እኅት የምታውቁ ካላችሁ ደውሉላትና «እንዴት አድርጎሻል?» ብላችሁ ጠይቋት።