ለአያ ጅቦ ቤት ይሠራለትን?



ተረት የልጅ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ነው። ፊደል ሳንቈጥር አያ ጅቦ ሆዳምነት የሚያመጣውን ጣጣ፥ እመት ጦጢት ብልኀትን አስተምረውናል። ዛሬ ግን በደባርቅና በዳባት ታናናሾቻችን የባሕር ማዶውን የፊልም ጠንቋይ ስም ያውቃሉ፤ የገዛ አያታቸውን ተረት ተናገሩ ቢባሉ ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሌላው ዓለም እንዳደረገው፥ እኛም ለተረታችን ሰው ገብቶ የሚጐበኘው ግቢ ብንሠራለት መልካም ነው እላለሁ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ዋልት ዲዝኒ የተባለው የፊልም ሰው በ1947 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድን ከፈተ፤ ሕዝቡም በፊልም ያየውን ተረት በእግሩ ገብቶ ጐበኘው። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በፍሎሪዳ የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ግቢ ሆኖ ተከፈተ። እነዚህ ግን የብዙ ገንዘብ ሥራ ናቸውና ለእኛ ምሳሌ አይሆኑም። ለእኛ የሚቀርበው የሆላንዱ ኤፍትሊንግ ነው። በ1944 ዓ.ም. በአንዲት ትንሽ ከተማ አጠገብ፥ በዛፎች መካከል፥ ጥቂት ተረቶች አንቶን ፒክ በተባለ ሠዓሊ ንድፍ በትንንሽ ቤቶችና በምስሎች ተሠርተው ታዩ። ግቢው ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ በአውሮፓ ከታወቁት አንዱ ሆኗል። በዚያ ግቢ አፉን ከፍቶ ወረቀት የሚለምን የሆዳም ሰው ምስል አለ፤ ልጆች የወደቀ ወረቀት እየለቀሙ ያጐርሱታል፥ እርሱም ያመሰግናቸዋል። የቈሻሻ መጣያ መሆኑ ነው!

በአገራችንም አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ለብዙ ዓመታት በቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ ልጆችን አሳድገዋል። በአዲስ አበባም በ2012 ዓ.ም. የቤተ መንግሥቱ ግቢ አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ሲከፈት ታሪክና አራዊት መታያ አገኙ። እንግዲህ የተረትም ተራ ሊደርስ ይገባዋል።

ቦታው ለምን ደባርቅ ይሁን? ቢሉ፥ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በከተማችን ነውና ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እንግዳው በደባርቅ ከፍሎ፥ አስጐብኚና ጠባቂ ይዞ፥ ዋልያንና ጭላዳ ዝንጀሮን ለማየት ወደ ሳንቃበር ይሄዳል። ከእኛ ጋር አንዲት ምሽት እንኳ ቢያመሽ ግን ስለ አራዊቱ ምን እንደምንተርት በሰማ ነበር።

አንዳንዶች «ተረት የጆሮ ነው፤ በሲሚንቶ ከሠሩት ይሞታል» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እያንዳንዱ ልጅ በልቡ የሚስለው ጅብ የራሱ ነው፤ አንዱን ጅብ አቁመን «ይኸው እርሱ ነው» ብንል የሌሎቹን ሁሉ እንገድላለን። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ዋናው ነገር ሐውልት ሳይሆን ተራች ይሁን። እሳት ይንደድ፥ መደብ ይሠራ፥ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በየተራ ይተርቱ፥ ለድካማቸውም ይከፈላቸው። በውጭ አገር ከተረቱ የሚገኘውን ገንዘብ የሚሰበስበው ግቢውን የያዘው ኩባንያ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ባለቤቶቹ አያቶቻችን ናቸውና ከትርፉ እንዳይዘለሉ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስጋት ስለ ተራራው ነው። ፓርኩ ከ1989 እስከ 2009 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ ነበረ። በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ነዋሪዎች መሬታቸውን ለዋልያው ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ሰው እንዲህ ያለ ዋጋ ከከፈለበት ምድር ላይ ለጨዋታ ቤት መሥራት ነውር ነው። ግቢው በከተማው ይሁን፤ እንዲተርቱ መጀመሪያ የሚጠሩትም ከግጭ የመጡት አረጋውያን ይሁኑ። እነርሱ ቤታቸውን ትተው ሲመጡ ተረታቸውን ግን ይዘው መጥተዋል፤ ጠያቂ ካላገኘ አብሯቸው ይቀበራል።

ሦስተኛም፥ ተረትን ከሃይማኖትና ከታሪክ እንለይ። ቅዱስ ያሬድ በሰሜን ተራሮች እንደ ተሰወረ በትውፊት ይነገራል፤ ይህ የጸሎት እንጂ የመጫወቻ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ መጫናቸውም ታሪክ ነው። ከአያ ጅቦ ጋር በአንድ አጥር ቢገቡ ልጁ የቱን እንደሚያምን ግራ ይገባዋል።

«ገንዘቡ ከወዴት ይምጣ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ሥራ ግን ገንዘብ አይፈልግም። በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት ባልቴት አንድ ተረት እንጻፍ፤ የተራቹንም ስምና መንደር ከነፈቃዱ እንመዝግብ፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍትም ይቀመጥ። ሁለተኛው ሥራ በአንድ አናጢና በጥቂት ጣውላ ይፈጸማል፤ ይኸውም አፉን የከፈተ ጅብ በግቢያችን አቁመን ቈሻሻችንን ማጕረስ ነው። አያ ጅቦ መቼም ጠገብሁ አይልም! ይህን ሁለቱን ካልፈጸምን ትልቁን ግቢ መመኘታችን ከንቱ ነው።

አያቶቻችን ተረታቸውን ሲጨርሱ አፋቸው በዳቦ እንዲታበስ በቀልድ ይጠይቁናል። ዳቦውን በእውነት የምንሰጥበት ጊዜ አሁን ነው፤ ጠያቂ እስኪመጣ ብዙ የሚቈዩ አይደሉምና።