ኮሶ መድኃኒት ነው፤ ልኩስ?



በቅርቡ አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ያስታውከዋል፣ ተቅማጡም አድክሞታል። «እህቴ፣ ምን ሰጠሽው?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ኮሶ አጠጥቼው ነው፤ እንዳይቆጡኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ልጁ ዳነ፤ የእናቱ ፍርሃት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ኮሶ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በጉና ደጋ የምናውቀው ይህ ዛፍ አበባው ትል ያስወጣል። ትሉም ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያንም ይጠቀሙበት ነበር።

ችግሩ ልኩ ነው። በአበባው ውስጥ ያለው ትል ገዳይ ንጥረ ነገር መጠን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የከረመው ኃይሉ ይቀንሳል። በእፍኝ ሲለካ ለአንዱ ያንሳል፣ ለሌላው ይበዛል። በኮሶ ተመርዘው ዓይናቸው የተጎዳ ሰዎች በአገራችን የሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

የመድኃኒት ምርምር ሥራው ይህንን ልክ መፈለግ ነው። ብዙ ንጥረ ነገሮች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ፦ ትሉን ይገድላል? በምን ያህል መጠን? ሰውን ይጎዳል? ኒክሎሳማይድ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። የባየር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ሲያገኙት የታሰበው የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ ለመግደል ነበር፤ በ1960 ግን የኮሶ ትልንም እንደሚያጠፋ ታወቀ።

እኛም ይህን መንገድ እናውቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። «የባላገር ልማድ» ብለው አላለፉትም፤ ወደ ላቦራቶሪ ወስደው ፈተሹት። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ እኛ ሐኪሞች ቁጣውን እንተው፣ እናንተም መደበቁን ተዉ። ኮሶም እንደ እንዶድ በአግባቡ ይጠና። ልኩ እስኪታወቅ ድረስ ግን፦

- ለልጅና ለነፍሰ ጡር ኮሶ አትስጡ።
- ትል በሰገራ ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እንደ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ያሉት መድኃኒቶች መጠናቸው በዕድሜ ወይም በክብደት ተለክቶ ይሰጣል።
- ኮሶ የጠጣ ሰው ማስታወኩ ካላቆመ ወይም ዓይኑ ከደበዘዘበት ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዱት፤ የጠጣውንም ተናገሩ።
- ሥጋውን በደንብ አብስሉት፣ ሽንት ቤትም ተጠቀሙ። ጥሬ ሥጋ ካልተተወ ትሉ ተመልሶ ይመጣል።

ያቺ እናት ልጇን የምትወድ ናት። የጎደላት ልኩ ብቻ ነበር።