ሲኒው ይሰቀል እንጂ አይጠጣበት

የዛሬው ደብዳቤ የመጣልኝ ከሐረር፣ ከጀጎል ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ ካገባች ሦስት ዓመት የሆናት የአንድ ልጅ እናት ናት። አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«አማቴ ከእናታቸው የወረሱት፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ጆሮ ያለው የሸክላ ሲኒ አለን። አንድ ደላላ አየውና ‹ይሄ የሮማ ነው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ይሆነዋል› አለን። እኔማ መጀመሪያ የምንበላውን ሮማን ያለ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ሸጠን ዕዳችንን እንክፈል ይላል። አማቴ ይህን ከሰሙ ጀምሮ አኩርፈዋል። እኔ ደግሞ ልጄን ጉንፋን ሲይዘው የሎሚ ሻይ የማጠጣው በዚሁ ሲኒ ነው፤ ይወደዋል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ከገንዘቡ በፊት ከልጁ ልጀምር። ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ሲኒ አታጠጪው። ሸክላን እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጨው ልባስ ድሮ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእርሳስ ነበር። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ መርዛማውን ብረት ነው። ልባሱ በቀላል እሳት እንዲቀልጥና እንዲያበራ ያደርገዋል። ታዲያ በደንብ ያልተተኮሰ ወይም ያረጀ ከሆነ፣ ሎሚ፣ ቲማቲምና ኮምጣጤን የመሰለ ጎምዛዛ ነገር እርሳሱን ከሸክላው ስቦ ያወጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ይበልጥ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። ሁሉም ልባስ እርሳስ አለበት ማለት አይደለም፤ ግን በዓይን አይለይም፣ ብትቀቅይውም አይለቅም። ልጁን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ ስለ ሲኒውም ሳትደብቂ ተናገሪ።

የደላላው ወሬስ? ሮማውያን እንዲህ ያለ ጽዋ እንደነበራቸው እውነት ነው። ከክርስቶስ ልደት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው በጠርሴስ ከተማና በአካባቢዋ፣ የብር ጽዋ አስመስለው ሁለት ጆሮ ያለው፣ ቅጠል የተቀረጸበት፣ በእርሳስ ልባስ የሚያብለጨልጭ ጽዋ ይሠሩ ነበር። የሮም ዕቃም በአዱሊስ ወደብ በኩል አገራችን ይገባ ነበር። ግን እሱ የአክሱም መንገድ ነው። የእናንተ አካባቢ ታሪክ ሌላ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ባለችው ሐርላ፣ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል የመሩት ቡድን በ2009 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ቁፋሮ ከየመንና ከቻይና የመጣ ሸክላ አስገኝቷል። «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። ስለዚህ ሲኒያችሁ በባሕር ተሻግሮ የመጣ የነጋዴ ዕቃ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ ያ ደግሞ የሚናቅ አይደለም። ደላላ ግን ዕድሜ የሚቆጥረው ለኪሱ ነው።

መሸጡን በተመለከተ፣ ዕዳ ያለበት ሰው ሲጨንቀው ግድግዳውን ማየቱ አይቀርም፤ ባልሽን አትፍረጂበት። ግን ሲኒው የእሱም የአንቺም አይደለም፤ የአማትሽ ነው። ሐረሪ ቤት ገብቶ ከነደባው ላይ የተቀመጠ ሰው በግድግዳው ላይ የሚያየው ሙዳይ፣ ሳህንና ጎድጓዳ ዕቃ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ሴቶች ታሪክ ነው። በዚያ ላይ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209ም ይህን ከልክሏል። ደላላው ለማን እንደሚያሻግረው በምን ታውቃላችሁ?

እኔ የምመክርሽ ይሄን ነው። መጀመሪያ ባልሽ እናቱን ይቅርታ ይጠይቅ፤ «እማዬ፣ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይነካም» ይበላቸው። ቀጥሎ ሦስታችሁም ሆናችሁ ሲኒውን ጀጎል ውስጥ ባለው የሸሪፍ ሙዚየም ለሚያውቅ ሰው አሳዩት። አደራ፣ «ላጽዳው» ብለሽ በቪምና በሽቦ እንዳትፈገፍጊው! ዕዳውን በሌላ መንገድ ተመካከሩበት። ያልቃል፤ የተሸጠ ሲኒ ግን አይመለስም።

ለልጁም ሌላ ኩባያ ግዢለት። ማን የተወው ሲኒ እንደሆነ ግን አያቱ ይንገሩት። ቸር እንሰንብት።