የበቀቀን አደራ

በዱባይ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ፣ የሥራ ውሉ አልቆ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር በመሆኑ፣ 9 ዓመት ያሳደጋትን ግራጫ በቀቀን ተቀብዬ እንዳኖርለት ከሰሞኑ ጽፎ ለመነኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ግቢ ሰፊ ነው፤ የሱፍ ፍሬና ውኃ ካገኘች ሌላ አታስቸግርዎትም» ይላል። ልጁ ወፏን ከልቡ ቢወድም ሲሳይዋን እንዳላወቀ ከዚህ ቃሉ ስለ ተረዳሁ፣ አዘንሁ።

ጥሬ ብቻ የምትመገብ በቀቀን ሆዷ እየጠገበ ሥጋዋ ይራባል። የሱፍ ፍሬ ስብ የበዛበት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ኤ ግን የጎደለው ነውና፣ በተለይም ግራጫው በቀቀን በደሙ ያለው ካልሲየም በቀላሉ የሚወርድበት ፍጥረት ስለ ሆነ፣ ውሎ አድሮ እየተንቀጠቀጠ ከመቆሚያው እስከ መውደቅ ይደርሳል። የዕለት ምግቧ መሠረት ለበቀቀን ተመጥኖ የተዘጋጀ መኖ ሊሆን፣ በላዩም ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባና ስኳር ድንች ሊታከልበት፣ ጥሬውም ለማባበያ ያህል ብቻ ሊሰጣት ይገባል። ቆስጣ ከጎመን ጋር አንድ ቢመስልም፣ በውስጡ ያለው አሲድ ካልሲየሙን አስሮ ስለሚያስቀር ጎመንን አይተካም። የፀሐይ ብርሃንም ከምግቧ የሚቈጠር ነው፤ ያለ እርሱ ካልሲየሙ ከሰውነቷ በሚገባ አይዋሐድም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግን የገዛ ቤታችን ደግነት ነው። እኛ ወደ ማዕዳችን የቀረበውን ሁሉ ሳናጎርስ የማናልፍ ሕዝብ ስለ ሆንን፣ አንዱ ዘመድ ከቆረሰው አቮካዶ ቢያቀምሳት ልቧን የሚያቆም መርዝ አጎረሳት ማለት ነው፤ ቸኮሌት፣ ቡና፣ ጨው የበዛበት ወጥም እንዲሁ ይጎዳታል። አዕዋፍ ከሳንባቸው ሌላ በአካላቸው ውስጥ የተዘረጋ የአየር ከረጢት ስላላቸው፣ ለእኛ በጎ መዓዛ የሆነው የዕጣንና የከሰል ጢስ ለእርሷ ሕማም ነው፤ የማያጣብቅ መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ሽታ የሌለው ጋዝማ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላታል። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ይህችን ወፍ ማኖር፣ ከእናቶቻችን ሥርዓት አንዱን ለእርሷ ሲሉ መተው ነው።

ምግቧ ቢሟላ እንኳ ዘመኗ አለ። ግራጫው በቀቀን በሰው እጅ ከ40 እስከ 60 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ እኔ ደግሞ ዘንድሮ 63 ዓመቴ ነው። በመንጋ ለመኖር የተፈጠረች ናትና፣ ብቻዋን ስትተው የገዛ ላባዋን እየነጨች ደረቷን ታራቁታለች። ከእኔ ዕረፍት በኋላ ማን በየዕለቱ ያነጋግራታል? በ2009 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት የዚህችን ወፍ ንግድ በጽኑ ያገዱትም፣ ከአፍሪካ ደን እየተለቀመች ስለ ተመናመነች ነው፤ ያለ ላኪውና ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድም ድንበር ልታልፍ አይገባትም።

በቀቀን ካሻኝማ፣ በግቢዬ ጥድ ላይ ማለዳ ማለዳ የሚያርፉ፣ ክንፋቸው የጠቆረ፣ ወንዶቹ ግንባራቸው የቀላ ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች አሉ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም አገር በዱር አይገኙም። የጥዱን ፍሬ ራሳቸው ለቅመው ይበላሉ፤ ከእኔ የሚሹት ዛፉን እንዳልቆርጥባቸው ብቻ ነው።

ለእኅቴ ልጅ የመለስሁለት ይህን ነው፦ ልጄ፣ አልቀበላትም። እዚያው ዱባይ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ቤቱ ጢስ የሌለበት፣ ቀኑን አብሯት የሚውል ቤተሰብ ፈልግላት፤ እስክታገኝም ድረስ ሱፉን ቀንሰህ ከነገ ጀምረህ ጎመን አቅርብላት።