ወረቀትን የማሰናበት ጥበብ

ከአልጋዎ ሥር ያለችውን ካርቶን ዛሬ ሳብ አድርገው ቢከፍቷት ምን የሚያገኙ ይመስልዎታል? የስድስተኛ ክፍል የፈተና ውጤት፥ የሠርግ መጥሪያ፥ የዕድር ደረሰኝ፥ ቀለሙ የወየበ ደብዳቤ፥ ከጀርባው ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ። ያስቀመጧቸው እንዳይጠፉ ብለው ነው። ለመሆኑ ለመጨረሻ ጊዜ ያነበቧቸው መቼ ነው?

ይህ በጀሞ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በቀድሞው ሰፈር ቢያንስ ሣጥን የሚቀመጥበት ጓዳ ይገኝ ነበር። በአራተኛ ፎቅ ባለች ስቱዲዮ ውስጥ ግን አልጋው፥ ምድጃውና መጽሐፉ ቦታ ሲሻሙ፥ አስቀድሞ የሚፈረድበት ወረቀቱ ነው። ያን ጊዜ ሰው ወይ ሳያይ ጠቅልሎ ለቆራሌው ይሰጠዋል፤ ወይ ሳያይ መልሶ ከአልጋው ሥር ይገፋዋል። የሁለቱም ጥፋት «ሳያይ» የምትለው ቃል ናት።

በአገራችን ወረቀት ማሰናበት አዲስ ነገር አይደለም። ያለፈው ዓመት ደብተር በሱቅ የቆሎ መጠቅለያ ይሆናል፤ ጋዜጣም በጭቃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቤት ያስጌጣል። ወረቀቱ ሌላ ሥራ ያገኛል ማለት ነው።

ሠዓሊዎቻችንም መንገዱን አሳይተውናል። ከጀሞ ብዙ ሳይርቅ፥ በመካኒሳ፥ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ ያቆሙት ዞማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፍቷል። ኤልያስ ሰው የጣለውን የልብስ ቁልፍ፥ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ዕቃ እየሰፋና እየጎነጎነ የጥበብ ሥራ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍም የተሠራው የከተማው ሰዎች ከቤታቸው ባወጧቸው የድሮ ፎቶግራፎች ነው። በየሣጥኑ ተቀብሮ የነበረው የቤተሰብ ትዝታ፥ እነሆ፥ የከተማ ታሪክ ሆነ።

እንግዲህ እኛስ? በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ጎረቤቶች በሕንጻው የጋራ መገልገያ ቤት ተሰብሰቡ። ቡና ይፈላ፤ እያንዳንዱም ካርቶኑን፥ መቀስና ሙጫ ይዞ ይምጣ።

ወረቀቱን በሦስት ይክፈሉት። አንደኛው የማይነካው ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት፥ ዲፕሎማና የቤት ውል ከዚህ ይገባሉ። ሁለተኛው ከእርስዎ ይልቅ ለሌላ ሰው የሚገባው ነው፤ የሟች ጓደኛዎ ፎቶግራፍ ለልጆቹ ይድረስ፤ ከመስጠትዎ በፊት ግን የሰዎቹን ስም ከጀርባው በእርሳስ ይጻፉበት። ሦስተኛው የሚሰናበተው ነው። እርሱን አንድ ጊዜ ለጎረቤቶችዎ ያንብቡላቸው፤ የሌላ ሰው ምሥጢር ያለበት ከሆነ ግን ዝም ብለው ይቅደዱት። ከዚያም የሁላችሁን ቁራጭ በአንድ ሰፊ ካርቶን ላይ ለጥፋችሁ ሥዕል አድርጉት፤ በደረጃው መግቢያ ይሰቀል።

«የእናቴን ደብዳቤ እንዴት ልቅደድ?» ይሉ ይሆናል። አይቅደዱት! ነገር ግን ያ ደብዳቤ እስከ ዛሬ ከመቶ ደረሰኝ ሥር ተቀብሮ እንደነበረ ልብ ይበሉ። እርስዎ ዛሬ ካልለዩት፥ ነገ ልጆችዎ ከደረሰኙ ጋር አንድ ላይ ለቆራሌው ይሰጡታል፤ የትኛው የአያታቸው እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ማን ይነግራቸዋል? የማያስፈልገውን የምናሰናብተው፥ የሚያስፈልገው እንዲታይ ነውና፥ የፊታችን እሑድ ካርቶንዋን ይክፈቷት።