ኪቦርዱ የማን ነው?

አጋሮ ያለችው እህቴ ዓይነ ስውር የልጅ ልጅ አለቻት፤ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ገመድ አልባ የብሬይል ኪቦርድ ላኩላት። ቡናው እስኪፈላ የቤቱ ሰው ሁሉ ተረባረበበት፤ እኔም ጭምር። ልጅቷ ዳር ተቀምጣ ቆየችና «እማማ፣ የእኔ ነው ወይስ የእናንተ?» አለች። አፈርን።

በነርስነት ዘመኔ ለስኳር ታማሚ ኢንሱሊን መውጋት ሳስተምር፣ መርፌውን ከእጄ ካልለቀቅኩ አይለምድም ነበር። ይህንን እንዴት ረሳሁት?

ሰጠናት። ቻርጅ አድርጋ ከኮምፒውተሩ ጋር በብሉቱዝ አገናኘችው። በነፃ የሚገኘውን ኤንቪዲኤ የተባለ ስክሪን ሪደር ከፍታ፣ ድምፁን እየሰማች የብሬይል ማስተካከያው ውስጥ ገባች። መሣሪያውንና የምትጽፍበትን ቋንቋ መረጠች። ደጋግማ የምትጠቀምባቸውን ትእዛዞች ለጣቷ ወደሚመቹ ቁልፎች አዛወረች።

መጻፊያ ቁልፎቹ ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ ለግራ እጅ፣ ሦስቱ ለቀኝ። ነጥቦቹ ሉዊ ብሬይል የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1824 በ15 ዓመቱ የፈጠራቸው ናቸው።

«ድምፁ ካነበበላት ብሬይል ምን ያደርጋል?» የምትሉ አትጠፉም። በእንግሊዝኛ «ራይት» ሲባል «ቀኝ»ም «መጻፍ»ም ነው። ጆሮ አይለየውም፤ ፊደል በፊደል የሚጽፍ ጣት ግን ይለየዋል።

ወላጆች፣ ከመግዛታችሁ በፊት መሣሪያው ልጃችሁ ከሚጠቀምበት ስክሪን ሪደር ጋር እንደሚሠራ ጠይቁ። አቅም ካጠረ፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ቶክባክ ውስጥ በስክሪኑ ላይ የሚጻፍበት የብሬይል ኪቦርድ አለ። ስሌትና ስታይለሱንም አትጣሉ፤ መብራት ሲጠፋ እሱ ይሠራል።

ከሁሉም በላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። ልጁ ይሳሳት፣ ያስተካክል።